እስከ ክርስትናው

አስተርጓሚን ሰው እንደ ቧንቧ ነው የሚያየው። በአንድ በኩል የገባው በሌላው ይወጣል፤ ቧንቧውን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም በዚያን ጊዜ ስለ ራሴ የማስበው ይህንኑ ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ የወንጌላዊ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የምማረው እንግሊዝኛ ስለነበር ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የሚመጣው የውጭ እንግዳ ሁሉ የሚናገረው በእኔ አፍ ነው። ሰባኪ ቢመጣ እኔ፣ ሐኪም ቢመጣ እኔ፣ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ቢመጣም እኔ። አባቴ «ይኼ ያንቺ ስጦታ ነው» ይለኝ ነበር፤ ስጦታዬን ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል ትምህርቴን ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሊና የመጣችው በዚያ ዓመት ነው። ከኖርዌይ ናት፤ ገና ልጅ እግር። የምትማርበት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ለአንድ ሴሚስተር ወደ ውጭ አገር ይልካል። ጠዋት ይማራሉ፣ ከሰዓት ያገለግላሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አገር ያያሉ። ያረፈችው እኛ ቤት ነበር። ከበረዶ አገር መጥታ በደብረ ብርሃን ብርድ አፍንጫዋ ሲቀላ እናቴ በሆዷ ደስ ሳይላት አይቀርም፤ «የኛም ብርድ ብርድ ነው በያት» እያለችኝ ብርድ ልብስ ትደርብላታለች። ስለ ሊና ክፉ የምናገረው የለኝም። ጄሪካን ትሸከማለች፣ የሕፃናት ንፍጥ በእጇ ትጠርጋለች፣ ሰላምታ ከጀመረች አትጨርስም። ብቻ ስትጸልይ ራእይ ታያለች። እንዲያ ነው ያሳደጓት፤ በጸሎት ጊዜ ወደ ልብሽ የመጣውን ነገር ሳትፈሪ ተናገሪ ብለው።

ከሰዓት የምናገለግለው ከወለጋ የተፈናቀሉ ገበሬዎች የተጠለሉበት ካምፕ ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ኦርቶዶክሶች ናቸው። «ጴንጤዎቹ መጡ» ይሉናል፤ ግን በር አይዘጉብንም። ሊዘጉ ቢፈልጉስ ሸራ ምን በር አለው? ከሁሉም የምናዘወትረው ዘውዴ ጋ ነበር። ዘውዴ ወንድ ልጅ ተገላግላ ገና ትኩስ አራስ ናት። ባሏ አስፋው «በቆሎውን ሰብስቤ፣ ከብቶቹን ሸጬ እከተላችኋለሁ» ብሎ፣ እርጉዝ ሚስቱን ከጎረቤቶች ጋር አሳፍሮ ወደ ኋላ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ለልጁ ስም አላወጣችለትም። «አባቱ መጥቶ ያወጣለታል» ትላለች፤ እስከዚያው ማሙሽ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት እንደ ልማዳችን ሄድን። እትዬ ወርቄ የምትባል ጎረቤቷ፣ እንደ እናት ሆና ያረሰቻት ሴት፣ ጥግ ላይ አጥሚት ታማስላለች።

«ዛሬስ ጠንከር አድርጋችሁ ጸልዩልኝ» አለችን ዘውዴ። «የናንተም ይሁን የኛ፣ ጸሎት ጸሎት ነው። አስፋው በሰላም ይምጣልኝ።»

ሊና እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆየች። ከዚያ እንባዋ መውረድ ጀመረ።

«አየሁት» አለች በእንግሊዝኛ። «መንገድ ላይ ነው። ወደዚህ እየመጣ ነው። እግዚአብሔር እየመራው ነው።»

እንዳለችው አድርጌ ተረጎምኩት። ዘውዴ አንዴ ሊናን፣ አንዴ እኔን አየችና፣ ልጇን ከጡቷ ሳትነጥል ጎንበስ ብላ መሬቱን ሳመች። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። እትዬ ወርቄ ግን ማማሰሉን ትታ ወጣች። ሴትዮዋ የጴንጤ ጸሎት አልወደደችም ብዬ አለፍኩት።

ቅዳሜ ሊናን አንኮበር ይዣት ሄድኩ። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ወጥተን ስንቀመጥ ጭጋጉ ገለል አለና ቆላው እስከ አልዩ አምባ ድረስ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። ሊና ትስቃለች፣ ፎቶ ታነሳለች፣ ደግሞ ትስቃለች። «እዚህ ቢቀብሩኝ አልጠላም» አለችኝ። «አታሟርቺ» አልኳትና ማሟረት ምን እንደሆነ ላስረዳት ስጀምር ስልኬ ጠራ።

ጋሽ በየነ ነበሩ። ካምፑ ውስጥ የነዘውዴ ቀበሌ ሰዎች ሽማግሌ እሳቸው ናቸው።

«ሜሮን፣ ያቺ ልጅ አብራሽ አለች?»

«አለች ጋሼ። ምነው፣ ደህና አይደላችሁም?»

«ደህና ነን። ዛሬውኑ ይዘሻት ነይ። ወደ ዘውዴ እንዳትገቡ፤ መጀመሪያ እኔ ጋ።»

«ዘውዴ ታመመች እንዴ?»

«ነይ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።» ዘጉት።

እዚህ አገር ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ስልክ ያውቀዋል። ክፉ ነገር በስልክ አይነገርም፤ «ነይ» ብቻ ነው የሚባለው። ሚኒባሱ ጭጋጉ ውስጥ እየዳኸ ተመለሰ። ሊና «ምንድን ነው?» ትለኛለች፣ እኔ «አላውቅም» እላታለሁ። ሕፃኑ ይሆን? ብርድ መትቶት ይሆን? ሌላ ሌላውን ሁሉ አሰብኩ፤ የሆነውን ግን አላሰብኩትም።

ስንደርስ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ አዘንብላለች። ጋሽ በየነ ከሸራዎቹ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። እትዬ ወርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አጠገባቸው ቆማለች።

«ዘውዴ ነገ ንጋት ላይ ትሄዳለች» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ወለጋ ነዋ። ዕቃዋን ሸክፋለች። ልጁን አዝላ መነኸሪያ ልትወርድ ነው። 'አስፋው መንገድ ላይ ነው ተብያለሁ፣ ሄጄ እቀበለዋለሁ' ትላለች።»

«በዚያ መንገድ! በአራስ ጎኗ! ይከልክሏት እንጂ ጋሼ።»

«ከልክያታለሁ። ወርቄም እግሯ ላይ ወድቃ ለምናታለች። 'እግዜር ነግሮኛል፤ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?' አለችን።» በዱላቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «አስፋው የለም፣ ልጄ። በረቱ አጠገብ ነው የወደቀው። የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ ቀብሬው ነው የወጣሁት። ከኛ ቀበሌ ሰው ይህን የማያውቅ የለም፤ ከሷ በቀር።»

«እርጉዝ ነበረች» አለች እትዬ ወርቄ፣ የወቀስኳት ይመስል። «እርጉዝ አትረዳም። ከዚያ ወለደች። አራስማ ጭራሽ! ደንግጣ ጡቷ ቢደርቅ ያንን ልጅ በዚህ ብርድ በምን እናሳድገዋለን? አርባ ቀኑ ይሙላ፣ ክርስትና ይነሳ፣ ትንሽ ይጠንክር ብለን ሁላችን በሆዳችን ያዝነው። እያየኋት ሳቅ ብዬ፣ ውጪ ወጥቼ ነው የማለቅሰው። እናንተ መጥታችሁ...» ሳትጨርሰው ተወችው።

ለሊና አንድ በአንድ ነገርኳት። ዘውዴ መሄድ የፈለገችው በእሷ ቃል መሆኑንም አልደበቅኋትም። «ግን አየሁት» አለችኝ ቀስ ብላ። «አየሁት እኮ።» ይህንን አልተረጎምኩላቸውም። ጋሽ በየነ ግን ከድምፅዋ ገባቸው መሰለኝ፣ «አይዞሽ በያት» አሉ።

ከዚያ ያሰቡትን ተናገሩ። «የሚያስቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው። እግዜር ሂጂ ያላት መስሏታል፤ እግዜር ቆዪ ካላት ትቆያለች። ይቺው ልጅ ትንገራት። 'ክርስትናው ሳይደርስ አትውጪ ተብሏል' ትበላት። ከዚያ ወዲያ እኛ በወጉ እናረዳታለን።»

ሊና ስተረጉምላት ሰምታ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። «በእግዚአብሔር ስም አልዋሽም።»

ይህንን ስነግራቸው ጋሽ በየነ አልተቆጡም። «ባለፈው ሐሙስስ?» ብቻ አሉ።

ይህቺን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ምላሴ ከበደኝ፤ ግን መለስኳት። ሊና ባለችበት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እንግዲያው እውነቱን እንንገራት» አለች። «ባሏ ነው፤ ማወቅ ይገባታል።»

«አሁን?» አለች እትዬ ወርቄ። «እየመሸ? ዘመድ ሳይሰበሰብ? መርዶ እንዲህ ተነሥቶ የሚነገር ነገር ነው? ባገሯ እንዲህ ነው የሚያረዱት በያት እስቲ።»

እትዬ ወርቄ እውነቷን ነው። መርዶ በኛ ዘንድ ወግ አለው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሊነጋጋ ሲል ነው የሚኬደው። የሚናገር ሽማግሌ፣ የሚደግፍ ክንድ፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ተሰብስቦ ነው። ሰው ብቻውን እንዲሰማው አይደረግም። ለአራስ ደግሞ ምንም ቢሆን አይነገርም፤ ጠላት እንኳ አያደርገውም። ይህንን ሁሉ ለሊና አስረዳኋት። ወደ ማታ ነፋሱ እየበረታ ሄዶ ሸራዎቹ ይጮኻሉ፤ ሁላችንም እዚያው መውጫ አጣን። በሁለት ሰዎች ቃል መካከል ስመላለስ ስንት ዓመቴ፣ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ዘውዴ ነገ ጠዋት ያንን ልጅ አዝላ መኪና ላይ ከወጣች እናቱም ልጁም እንደማይመለሱ ከመካከላችን ያልገባው ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ሊና ተነሣች። «እኔው አነጋግራታለሁ» አለችኝ። «ያየሁት ነገር ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ነግሬ እንዳትሄድ እለምናታለሁ። ይህ ውሸት አይደለም።»

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ በየነ።

«ልታነጋግራት ነው» አልኳቸው።

ገባን። ዘውዴ እውነትም ሸክፋለች። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የልጁን ጨርቆች፣ የመንገድ በሶ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አጣጥፋ ያስቀመጠችው የወንድ ጃኬት አለ። ጃኬቱን ሳየው አየችኝና ፈገግ አለች።

«የአስፋው ነው፤ ከሰልባጅ ነው የገዛሁለት። እሱ ቆላ ነው የለመደው፤ እዚህ ሲገባ ይበርደዋል።»

ሊና ተንበርክካ ሁለት እጆቿን ያዘቻት። «ዘውዴ፣ ተሳስቼ ይሆናል» አለቻት በእንግሊዝኛ። «ያየሁት የራሴ ምኞት ሊሆን ይችላል። እባክሽ አትሂጂ።» ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

አፌን ከፈትኩ። «ተሳስቼ ይሆናል» ካልኳት ቀጥላ የምትጠይቀውን አውቀዋለሁ። «ታዲያ አስፋው የት ነው?» ትላለች። የዚያ ጥያቄ መልስ መርዶ ነው። ባልመልስላትም ፊቴ ይመልስላታል። ሕፃኑ ጡቷን ይዞ ተኝቷል፤ ጉንጩ ብቻ አልፎ አልፎ ይንቀሳቀሳል። አባቴ ትዝ አለኝ፣ መድረኩ ትዝ አለኝ፣ በእግዚአብሔር ስም ስለሚቀልድ ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ሁሉ ትዝ አለኝ።

«ዘውዴ» አልኩ። «እግዚአብሔር ዛሬ ተናግሮኛል ትልሻለች። 'ልጁ ክርስትና ሳይነሳ ከዚህ አትውጪ፤ ጠብቂ' ብሏል።»

ማንም አላስገደደኝም። አውቄ ነው ያልኩት፤ ዛሬም ያው ቀን ቢመጣ እለዋለሁ።

ዘውዴ እኔን አይደለም ያየችው፣ ሊናን ነው። «እውነት?» አለቻት።

እውነት የሚለውን ቃል ሊና ታውቀዋለች። እግዚአብሔር የሚለውንም፣ ጠብቂ የሚለውንም ታውቃለች፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። ያደረግሁት ሁሉ እንደገባት አየሁ። አንድ ጊዜ «አይደለም» ብትል ያበቃል። እትዬ ወርቄ ከውጭ ስትስል ይሰማኛል። ሊና ዓይኗን ከእኔ ላይ አንሥታ ሕፃኑን አየችው፣ ጃኬቱን አየችው።

«አዎ» አለች በአማርኛ።

ዘውዴ ረጅም ተነፈሰች። «እሱ ካለ ምን አደርጋለሁ» አለችና ከረጢቱን መልሳ መፍታት ጀመረች። ጃኬቱን አውጥታ ምሰሶው ላይ ካለው ምስማር ሰቀለችው።

ስንወጣ ጋሽ በየነ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። ከሊና ጋር ባጃጅ ፍለጋ ወጣን። ትወቅሰኛለች ብዬ ጠብቄ፣ መልሴንም አዘጋጅቼ ነበር። «አዎ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ከካምፑ አልቀረችም፤ ጨርቅ ታጥባለች፣ ውኃ ትቀዳለች። ድምፅ አውጥታ ስትጸልይ ግን አልሰማኋትም። ሴሚስተሯ አልቆ የሄደችው ከክርስትናው በፊት ነው። ዘውዴ አቅፋ ስትሰናበታት «አስፋው ሲመጣ ከልጁ ጋር ፎቶ አንሥተን እንልክልሻለን በያት» አለችኝ። ተረጎምኩላት፤ ይህንንስ እንዳለ ተረጎምኩት። ሊና ፊቷን ዘውዴ አንገት ውስጥ ቀብራ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም።

የክርስትናው ዋዜማ ዘውዴ ሹሩባ ሥሪኝ አለችኝ። «አስፋው ሹሩባ ይወዳል፤ ማን ያውቃል፣ ለክርስትናው ይደርስ ይሆናል» ትለኛለች እየሳቀች። ሠራኋት። ጸጉሯን ስከፍል፣ ስጎነጉን፣ ያ ሳቅ ጀርባዬ ላይ እንደፈሰሰ ቀዝቃዛ ውኃ ነበር የሚሰማኝ። በማግሥቱ ከታቦቱ ደጅ ሲመለሱ ሴቶቹ እልል አሉ። እልል ያሉት ሁሉ ያውቁ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ሄድን። «አንቺም ነይ» አሉኝ ጋሽ በየነ፤ ጴንጤ ነሽ አላሉኝም። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ነበር የለበስነው። ዘውዴ የሰው ኮቴ ሰምታ ልጁን ታቅፋ ወጣች። ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። ማንም ቃል ሳይናገር፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ልጁን ለእትዬ ወርቄ አቀበለቻት። ከዚያ ወደቀች።

የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። ሹሩባውን በጣቶቿ እየፈታች፣ ያልተፈታላትን እየነጨች፣ «ስቄ ነበር፣ አስፋው! ሞተህ ስቄ ነበር!» ስትል ግን ዛሬም ድረስ ይሰማኛል። እኔ ያደግሁበት ቤት ለሞተ ሰው ዋይ ማለት አይወደድም፤ ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅሱ ነው የሚባለው። ያን ቀን ጠዋት ተስፋ እንደሌለው ሰው አለቀስኩ።

ረፋዱ ላይ ሰዉ ጋብ ሲል ጠራችኝ።

«ሜሮን።»

«አቤት ዘውዴ።»

«ያኔ ጠብቂ ያለኝ እግዜር፣ አስፋው መሞቱን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር» አልኳት።

«ጋሽ በየነ ያውቁ ነበር። ወርቄ ታውቅ ነበር። አንቺም ታውቂ ነበር።» ድምፅዋ አልቆ ነበር። «እሱም እንደናንተው ደበቀኝ ማለት ነው። ጸጉሬን ስሠራ ከላይ ሆኖ እያየኝ ዝም አለኝ።»

ሰው አምላኩን እንዲህ ሲከስ ሰምቼ አላውቅም። የከሰሰችው ደግሞ በእኔ ቃል ነው። ዝም ብል እኔን አትጠላኝም፤ እንደ እህት ታየኛለች፤ እሱን ግን አትምረውም። ባሏ የለ፣ አገሯ የለ፣ የቀራት እሱ ነበር።

«እግዜር አይደለም ዘውዴ» አልኳት። «እኔ ነኝ። ሊናም አላለችውም። ተሳስቼ ይሆናል፣ አትሂጂ ብቻ ነው ያለችሽ። ጠብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ?»

«እኔ።»

«እሱስ? እሱ ምን አለ?»

«እኔ የሰማሁት ነገር የለም።»

ፊቷን ወደ ሸራው አዞረች። «ሂጂልኝ» አለች። «ሁለተኛ እንዳላይሽ።» ወጣሁ። ከሸራው ውጭ ቆሜ ሳለሁ ከውስጥ «አምላኬ፣ አምላኬ» ስትል ሰማኋት። ከዚያ የቀራትን ለቅሶ ለእሱ ታለቅሰው ጀመር።

እንግዲህ ይኸው ነው። አስተርጓሚነት ያን ቀን ተውኩ፤ አባቴ ምክንያቱን ስነግረው አልገሠጸኝም፣ አላጸደቀኝምም። እንግሊዝኛውን ዛሬ ለተማሪዎች አስተምርበታለሁ፤ የሰው ቃል ግን በአፌ አልይዝም። ጉባኤ ላይ ሰው ተነሥቶ «እግዚአብሔር ተናገረኝ» ሲል ተነሥቼ እወጣለሁ፤ ይዋሻል ብዬ አይደለም፣ እኔም እንዲሁ ብዬ ስለማውቅ ነው። እናንተ የምታነቡኝ፣ ብትቆጡኝ አልፈርድባችሁም። ግን ከመቆጣታችሁ በፊት ያንን ሕፃን አንድ ጊዜ በዓይነ ሕሊናችሁ አስተኙትና፣ አፋችሁን ከፍታችሁ የምትሉትን ፈልጉ። ካገኛችሁ ለእኔም ንገሩኝ።

ዘውዴ እዚሁ ደብረ ብርሃን ናት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ እንገናኛለን። እኔን ስታይ ወደ ማዶ ትሻገራለች። ልጇን ይዛ ስትሻገር ከኋላ አየዋለሁ፤ አሁን በእግሩ ይሄዳል፣ እጇን እየጎተተ ይሮጣል። «ይበቃኛል» እላለሁ። አንዳንድ ቀን እውነትም ይበቃኛል።